ኩብ ቢገለብጡት ኩብ

(የመግቢያው ሙዚቃ ቀስ እያለ ይጠፋል)

የዛሬው የሒሳብ ዝግጅታችን ከቱሉ ዲምቱ ነው፤ ከአቃቂ ቃሊቲ ዳርቻ፣ የአዳማው ፈጣን መንገድ ከሚጀምርበት። መንገዱ በ2007 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ብዙ ሰው ቱሉ ዲምቱን የሚያውቀው በክፍያ ጣቢያው ነው፤ ትኬቱን ይቀበልና ያልፋል። እኛ ግን እዚሁ ነዋሪ ነን። ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ቀይ ኮረብታ ማለት ነው። ባሌ ውስጥ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ሞክሼ ተራራ ስላለው፣ አንዳንድ ዘመድ ስልክ ደውሎ "ብርዱ እንዴት ነው?" ይለናል።

የዛሬውን ርዕስ የሰጠኝ የጎረቤቴ ልጅ ነው። ሰባተኛ ክፍል ነው። አንድ ቀን ማታ ደረጃው ላይ አገኘኝና የፈተና ወረቀቱን ዘረጋልኝ። "ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እዩልኝ።" ጥያቄው "እውነት ወይም ሐሰት" ከሚሉት ነው። "ኩብ ፕሪዝም ነው" ይላል። ልጁ "ሐሰት" ብሏል፤ ቀይ ኤክስ ተሰጥቶታል።

"ምን አስበህ ነው ሐሰት ያልከው?" አልኩት።

"ፕሪዝምማ ያ ብርሃን የሚበትነው ሦስት ማዕዘን መስታወት ነው፤ በሳይንስ ተምረነዋል። ኩብ ደግሞ የሉዶ ዳይስ ነው። ምን ያገናኛቸዋል?"

እውነቱን ልናገርና፣ ተሳስቶም ደስ አለኝ። በጭፍን አልገመተም፤ ያየውን አገናዝቦ ነው የመለሰው። ችግሩ ከፕሪዝሞች ሁሉ ያሳዩት አንዱን ብቻ መሆኑ ነው። በግ ብቻ ያየ ልጅ "ግመል የቤት እንስሳ አይደለም" ቢል አይፈረድበትም።

እንግዲህ ዕቃ ይዘን እንነጋገር። ቤት ያላችሁ የልብስ ሳሙና አንሱ፤ ረጅሙን። መኪና ውስጥ ያላችሁ በሐሳባችሁ ያዙት፤ እጃችሁ ከመሪው አይነሳ። ባለሱቁን "ግማሽ ስጠኝ" ስትሉት ሳሙናውን አጋድሞ በቢላዋ ቀጥ አድርጎ ይቆርጠዋል። የተቆረጠውን ፊት ተመልከቱት። ከሳሙናው ጫፍ ፊት ጋር አንድ ነው፤ ቅርጹም ልኩም። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢቆርጠውም ያው ነው፤ አሥር ቦታ ቢቆራርጠው አሥሩም ቦታ ላይ ያው ፊት ብቅ ይላል። የፕሪዝም ጠባይ ይኼ ነው። አንድ ጠፍጣፋ ቅርጽ ትወስዳላችሁ፤ ሦስት ማዕዘን ይሁን፣ አራት ማዕዘን ይሁን፣ ስድስት ማዕዘን ይሁን፣ ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ይሁኑ እንጂ ግድ የለም። ያን ቅርጽ ሳታሰፉት፣ ሳታጠቡት፣ ሳታዞሩት በአንድ አቅጣጫ ትስቡታላችሁ። ሲሳብ ያለፈበት ቦታ ሁሉ ፕሪዝም ነው። የጥንት ግሪኮች "ፕሪዝማ" ሲሉ በመጋዝ የተቆረጠ ነገር ማለታቸው ነበር፤ ከባለሱቃችን ሥራ ብዙም አይርቅም። "ኩቦስ" የሚሉት ደግሞ ዳይሱን ነው። ስለዚህ ልጁ "ኩብ የሉዶ ዳይስ ነው" ሲል ሳያውቀው ከግሪኮቹ ጋር ተስማምቷል።

የግሪኩ ሊቅ ዩክሊድ ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ፣ እስክንድርያ ላይ ሆኖ ባዘጋጀው የጂኦሜትሪ ሥራ፣ በ11ኛው መጽሐፍ ለሁለቱም ትርጉም ሰጥቷቸዋል። ለፕሪዝም ፊት ለፊት የሚተያዩ፣ እኩልና ትይዩ የሆኑ ሁለት ገጾችን ይጠይቃል፤ የቀሩት ገጾች ትይዩ ጎኖች ያሏቸው አራት ማዕዘኖች ይሁኑ ይላል። ለኩብ ደግሞ ስድስት እኩል ካሬዎች በቃው። አሁን ሁለቱን ትርጉሞች አጋጥሟቸው። የኩብ ሁለት ፊት ለፊት ገጾች እኩልና ትይዩ ናቸው? ናቸው። የቀሩት አራቱ ትይዩ ጎን ያላቸው አራት ማዕዘኖች ናቸው? ካሬ ስለሆኑ ናቸዋ። ስለዚህ ኩብ ፕሪዝም ነው፤ ፈተናው ላይ ቀዩ ኤክስ የተገባ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ተማሪን ሁሉ የሚያደናቅፍ አንድ ቃል አለ፤ ቃሉም የራሳችን ነው። መሠረት። የፕሪዝሙን ሁለት እኩል ገጾች መጽሐፉ "መሠረት" ይላቸዋል። እኛ ደግሞ መሠረት ስንባል ወደ መሬት ነው የምናየው። ቱሉ ዲምቱ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ መሠረት ማለት ተቆፍሮ፣ ድንጋይ ተሞልቶ፣ ከነጭራሹ ከዓይን የሚሰወር ነገር ነው። ስለዚህ ፕሪዝም ሲሰጡት የተቀመጠበትን ገጽ ይዞ "መሠረቱ ይኼ ነው" ይላል። ቀጥ ብሎ የቆመ ፕሪዝም ከሆነ ዕድል ይቀናዋል። ጋደም ያለ ከሆነ ይሳሳታል።

የቆርቆሮ ቤት ጣሪያ አስቡ፤ ወደ ሁለት ወገን ውሃ የሚያፈሰውን። ሦስት ማዕዘን ፕሪዝም ነው። መሠረቱ የቱ ነው? ከታች ያለው ኮርኒስ አይደለም። ከቤቱ ፊት ለፊት ቆማችሁ ቀና ስትሉ ከበሩ በላይ የምታዩት ሦስት ማዕዘን ነው መሠረቱ፤ ጓደኛው ደግሞ በጓሮ በኩል አለ። በጂኦሜትሪ መሠረት የሚባለው የሚደጋገመው ገጽ ነው፤ ከታች ይሁን ከጎን፣ ከላይም ይሁን።

ከላይም ይሁን ያልኩት እንዲያው አይደለም። ላሊበላ ሄዳችሁ ቤተ ጊዮርጊስን ያያችሁ፣ መጀመሪያ የምታገኙት ጣሪያውን ነው፤ ከእግራችሁ በታች፣ በመስቀል ቅርጽ። ቤተ ክርስቲያኑ ከአንድ ወጥ ዓለት ከላይ ወደ ታች ተፈልፍሎ የወጣ ነው። መስቀሉ ከላይ ተነድፎ ቁልቁል ወርዷል። የክንዶቹን ጎኖች ብትቆጥሩ አሥራ ሁለት ናቸው። በሮቹን፣ መስኮቶቹንና ከሥር ያለውን የደረጃ ወለል ለጊዜው ትተን ዋናውን አካል ብቻ ብንወስድ፣ አሥራ ሁለት ጎን ያለው መሠረት የተሳበበት ፕሪዝም ነው ልንል እንችላለን። ጠራቢዎቹ መሠረቱን ከላይ ጀመሩት።

አክሱም ስንሄድ ነገሩ ይለወጣል። በ1997 ዓ.ም. ከሮም ተመልሶ በ2000 ዓ.ም. እንደገና የቆመው ሐውልት 24 ሜትር ያህል ቁመት አለው፤ 160 ቶን ገደማ ይመዝናል። አራት ጎን አለው፣ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ግን ፕሪዝም አይደለም። ወደ ላይ በሄደ ቁጥር እየቀጠነ ይሄዳል። እንደ ሳሙናው ብትቆርጡት (በሐሳብ ነው የምላችሁ፣ እግዜር ይጠብቀን) የላዩ ቁራጭ ፊት ከታችኛው ያንሳል።

ፕሪዝምን የመቁጠር ዘዴም ቀላል ነው። የመሠረቱን ጎኖች ብቻ ቁጠሩ። ገጾቹ ከዚያ በሁለት ይበልጣሉ፤ ጠርዞቹ ሦስት እጥፍ ናቸው፤ ጥጎቹ ሁለት እጥፍ። ሦስት ማዕዘኑ ፕሪዝም አምስት ገጽ፣ ዘጠኝ ጠርዝ፣ ስድስት ጥግ አለው። መስቀሉ አሥራ አራት፣ ሠላሳ ስድስት፣ ሃያ አራት። ኩብስ? መሠረቱ አራት ጎን ነው፤ ስድስት ገጽ፣ አሥራ ሁለት ጠርዝ፣ ስምንት ጥግ። የክብሪት ሣጥን አንስታችሁ ብትቆጥሩ እሱም ያው ስድስት፣ አሥራ ሁለት፣ ስምንት ነው። በቁጥር ኩብና ክብሪት አይለዩም። የሚለያቸው ልኩ ነው።

እንዴት እንደሚለያቸው ኮብልስቶን ላይ እንየው። በእኛ ሠፈር ሕንፃዎች መካከል የተነጠፈው ድንጋይ በመዶሻና በመሮ ተጠርቦ የመጣ ነው። ጠራቢው የሚያልመው አሥር በአሥር በአሥር ሳንቲሜትር ነው። የጠረበው ፊት አሥር በአሥር ሆኖ ቁመቱ አሥራ ሁለት ቢሆን ፕሪዝም አገኘ፤ ኩብ ግን አላገኘም። ሦስቱም ልክ ሲገጥሙና ጥጎቹም ቀጤ ሲሆኑ ያኔ ኩብ ይሆናል። አጠማመሙን ካላስተካከለው ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የደብተር ክምር ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በመዳፋችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ ይዘምማል፤ ያም ዘማማ ፕሪዝም ነው። በነገራችን ላይ የዘመመው ክምር ይዘቱ አልቀነሰም፤ ያው ደብተር ነው፣ ያው ቁመት ነው። ኩብን ግን እንዲህ ብትገፉት ስሙን ያጣል፤ ፕሪዝምነቱ ብቻ ይቀርለታል። የመንገዱ ድንጋዮች፣ ለነገሩ፣ ብዙዎቹ ወደ ታች ጠበብ ያሉ ናቸው፤ የላይ ፊታቸው ካማረ ማን ገልብጦ ያያቸዋል።

ስለ መገልበጥ ካነሳን አይቀር፣ ዋናው ነገር ያለው እዚህ ነው። ከመንገድ ዳር ካለው ብሎኬት አምራች ባለ ሃያውን ብሎኬት ውሰዱ፤ ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20፣ ወርዱ 20 ሳንቲሜትር። ቀዳዳውን ለጊዜው እንደፈነውና፣ ሁለት ባለ ሃያ ኩቦች ጎን ለጎን የተጣበቁበት ማለት ነው። ጋደም አድርጋችሁ መሠረቱን 40 በ20 ብትሉ፣ 800 ካሬ ሳንቲሜትር በከፍታው 20 ተባዝቶ 16,000 ይሆናል። አቁማችሁ መሠረቱን 20 በ20 ብትሉ፣ 400 በ40 ተባዝቶ ያው 16,000። ይዘቱ አልተለወጠም፤ መልኩ ግን ተለውጧል፤ መጀመሪያ አጭርና ሰፊ ነበር፣ አሁን ረጅምና ጠባብ ሆነ። ኩብን ግን በየትኛውም ወገን አስቀምጡት፤ መሠረቱም ያው፣ ከፍታውም ያው። ሦስት አቅጣጫ አለው፤ በሦስቱም ፕሪዝም ነው፣ በሦስቱም ያው ፕሪዝም ነው። ካልዘመሙት ፕሪዝሞች መካከል ሌላ ይህን የሚችል የለም።

ይህ የጥቁር ሰሌዳ ጨዋታ ከመሰላችሁ፣ አርማታ ወደሚሞላበት ሳይት ኑ። ኮንክሪቱ ሲቦካ አንድ ባለሙያ ከብረት የተሠሩ ባዶ ሣጥኖች ይዞ ይቀርባል፤ በውስጥ በኩል አሥራ አምስት በአሥራ አምስት በአሥራ አምስት ሳንቲሜትር። ከምሶሶው ድርሻ ቀንሶ ይሞላቸዋል፣ በብረት ዘንግ ይወቅጣቸዋል፣ አናታቸውን በግንበኛ ማንኪያ ያስተካክላል። በማግሥቱ ሲፈቱ ስምንት ኪሎ ያህል የሚመዝኑ ግራጫ ኩቦች ይወጣሉ። ውሃ ውስጥ ይቆዩና ገሚሶቹ በሰባተኛው ቀን፣ የቀሩት በሃያ ስምንተኛው ቀን ማሽን ላይ ተጭነው እስኪፈነዱ ይጨመቃሉ። "ሲ 25" የሚባለው ኮንክሪት፣ በ1995 እ.ኤ.አ. በወጣው የኢትዮጵያ የሕንፃ ኮድ አቆጣጠር፣ በሃያ ስምንት ቀኑ በእያንዳንዷ ካሬ ሚሊሜትር 25 ኒውተን ይሸከማል ተብሎ የሚጠበቅ ነው። የኩቡ ፊት 22,500 ካሬ ሚሊሜትር ነው። አባዙት፤ ወደ 57 ቶን የሚጠጋ ክብደት ይመጣል። ስምንት ኪሎ ድንጋይ ይህን ይሸከማል።

አሁን ልብ በሉ። ባለሙያው ኩቡን ማሽኑ ላይ ሲያስቀምጥ በሞላው አኳኋን አያስቀምጠውም፤ በጎኑ አጋድሞ ነው የሚያስቀምጠው። ለምን? አናቱ በማንኪያ የተስተካከለ ስለሆነ የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ ወጣ ገባ አያጣውም፤ ጎኖቹ ግን ከብረቱ ጋር ተጣብቀው ስለደረቁ ልሙጥ ናቸው። የማሽኑ ሰሌዳ ልሙጥ ገጽ ካላገኘ ጫናው ጉብ ባለው ቦታ ላይ ብቻ ያርፍና ኩቡ ያለ ጥፋቱ ቀድሞ ይሰበራል። ኩብ ስለሆነ ብቻ ማጋደል ይቻላል፤ ቢጋደምም የሚጨመቀው ያው ስፋት፣ ያው ከፍታ ነው። በሌሎች አገሮች የሚሠራበት የሲሊንደር ናሙና፣ ወርዱ 15 ቁመቱ 30 ሳንቲሜትር የሆነው፣ ይህ ዕድል የለውም። አጋድመው ቢያስቀምጡት ይንከባለላል፤ ስለዚህ አናቱን መሞረድ ወይም በሌላ ነገር ለብጦ ማስተካከል ግድ ነው።

ሌላም አለ። ያው ኮንክሪት በኩብ ሲፈተን 25 ያመጣ እንደሆነ በሲሊንደር ሲፈተን 20 ያህል ነው የሚያመጣው። ኮንክሪቱ አልደከመም። ሲጨመቅ ወደ ጎን ሊበረግድ ይፈልጋል፤ ከላይና ከታች ያሉት የብረት ሰሌዳዎች ግን በሰበቃ ይይዙታል። ኩብ አጭር ስለሆነ የሁለቱ ሰሌዳዎች ጉልበት እስከ ወገቡ ይደርሳል። ቁመቱ የወርዱ እጥፍ በሆነው ላይ ግን ወገቡ ነጻ ነው፣ ቶሎ ይከፈታል። የቆመ ምሶሶም ከኩብ ይልቅ ይህን ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው መሐንዲሶች የኩቡን ውጤት ለ1.25 የሚያካፍሉት፤ በአዲሱ አጻጻፍ ደግሞ "ሲ 20/25" ብለው ሁለቱንም ቁጥር ጎን ለጎን የሚያስቀምጡት። አያችሁ፣ ኩብና ረዘም ያለው ዘመዱ ወረቀት ላይ ብቻ አይደለም የሚለያዩት።

ኩብ ከፕሪዝሞች ቤት የተወለደ ልጅ ነው ብለናል። ግን ቤተሰቡን ሁሉ የሚለካው እሱ ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣ ሜትር ኩብ። በሊትር 1,000 ነው፤ ውሃ በጠፋበት ሳምንት በምንሸከመው ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 50 ጀሪካን። ግንበኛ "አንድ ለሁለት ለሦስት" ሲል የሚሰፍርበት ሣጥን 50 በ40 በ18 ሳንቲሜትር ከሆነ 36 ሊትር ይይዛል፤ ከአንድ ኩንታል ግማሽ፣ ማለትም ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር የሚቀራረብ ነው። ሣጥኑ ኩብ አይደለም፣ ሬክታንግል ፕሪዝም ነው፤ የምንቆጥረው ግን ስንት ትንንሽ ኩብ እንደሚገባበት ነው።

እኔም በዚህ መለኪያ አንድ ጊዜ ተጣልቻለሁ። ለአጥር አሸዋ ገዛሁ። "አንድ ሲኖ መኪና፣ አሥራ ስድስት ሜትር ኩብ ነው" ተባልኩ። ከመገልበጡ በፊት ሜትር ይዤ ወጣሁ፤ ያ የጎረቤቴ ልጅም ተከተለኝ። የጭነቱ ውስጠኛ ርዝመት 5.40፣ ወርዱ 2.30፣ አሸዋው እስከ ጠርዙ 1.10 ሜትር። ስናባዛው 13.66 ሆነ። "ከሁለት ሜትር ኩብ በላይ ጎድሏል!" ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። ሾፌሩ አልተቆጣም። "አናቱን ያልቆጠርከው ለምንድነው ወንድሜ?" አለኝ።

እውነትም አሸዋው ከጠርዙ በላይ ተከምሯል፤ በመኪናው ርዝመት እንደ ጣሪያ ወደ ሁለት ወገን ዘቅዝቆ። ለካ ከአራት ማዕዘኑ ፕሪዝም በላይ ሌላ ፕሪዝም ተጭኗል። ክምሩ መሐል ላይ 30 ሳንቲሜትር ነበር። ጭቅጭቁ ከሁለት ሜትር ኩብ ወደ ግማሽ ወረደ፤ ድምፄም አብሮ ወረደ።

"እሺ" አልኩት ልጁን፣ "ከላይ ያለው ክምር ስንት ይሆናል?"

ደብተሩን አላወጣም። መጀመሪያ በመኪናው ጎን ሄደ፤ ረጅሙን ገጽ አየውና ተወው። ከዚያ ወደ ኋላ ዞሮ ከኋላው በር ፊት ቆመ፤ ቀና ብሎ 2.30 ሜትር ወርድና 30 ሳንቲሜትር ከፍታ ወዳለው ሦስት ማዕዘን ጣቱን ቀሰረ።

"ጋሼ፣ መሠረቱ ይኼ ነው" አለ።

(የመዝጊያው ሙዚቃ ይገባል)